የሚወዛወዝ በርጩማና የተወጠረ ላስቲክ፦ የአንድ የሦስተኛ ክፍል መምህርት የመቀመጫ ሥራ ማስታወሻ

ደሴ፣ 2017 ዓ.ም.

መስከረም፣ ሁለተኛ ሳምንት

ክፍሉ 7 በ8 ሜትር ነው። ተማሪ 54፣ ኮምባይንድ ዴስክ 18። በአንዱ ዴስክ ሦስት ልጅ ይቀመጣል፤ መካከለኛው መውጣት ከፈለገ ዳር ያለው መነሣት አለበት። መቀመጫውና መጻፊያው በአንድ ብረት ስለተበየዱ አንዱ ሲወዛወዝ ሦስቱም ይወዛወዛሉ፤ የአንዱ እግር መታ መታ ሲያደርግ የሦስቱም ደብተር ይንቀጠቀጣል። ለዓመታት «አርፈህ ተቀመጥ!» እያልኩ የጮኽኩት በዚህ ዴስክ ላይ ባሉ ልጆች ላይ ነው። ዘንድሮ ልጁን ትቼ ዴስኩን ለመለወጥ እሞክራለሁ።

የማስታወሻዬ ልጆች ሦስት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሀ፣ ለ እና ሐ እላቸዋለሁ። የሀ እናት የሐኪም ወረቀት ይዛ መጥታለች። ኤዲኤችዲ ይላል፤ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መንቀዥቀዥ፣ ሁለቱም የተደረቡበት ዓይነት። ለ እና ሐን ሐኪም አላያቸውም፣ እኔም ስም አላወጣላቸውም። ለዚህ ስያሜ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት፣ በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በቤትም መታየት አለባቸው። ከጥቁር ሰሌዳ ሥር ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ሀ ተንበርክኮ ይጽፋል፣ እርሳስ ያኝካል፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ይጠይቃል። ለ ዴስኩ ላይ ይንሸራተታል፤ ወገቡ ጠርዝ ላይ፣ ጀርባው መቀመጫው ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሐ ሴት ናት፤ አትረብሽም፣ አትነሣም፣ ዐይኗ ግን ጦሳ ተራራ ላይ ነው። እንደ እርሷ ያሉ ልጆች ጸጥተኛ ስለሆኑ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያያቸው ያልፋል፤ እኔም ስንቱን አሳልፌያለሁ።

መለኪያዬ ይህ ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ በየ5 ደቂቃው ስልኬ ጋዎን ኪሴ ውስጥ ይነዝራል። ቀና ብዬ አያለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ልጁ ሥራው ላይ ከሆነ ጭረት አደርጋለሁ። ከ8 ስንት እንደሆነ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት አማካይ፦ ሀ 2፣ ለ 3፣ ሐ 3።

መስከረም፣ ሦስተኛ ሳምንት

ምንም ነገር ከመሥራቴ በፊት ልጆቹን በሜትር ለካሁ። ጫማ እንዳደረጉ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው እጥፋት፦ አጭሩ 29 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 38። የዴስኩ መቀመጫ 42 ነው። በክፍሌ ውስጥ እግሩ መሬት የሚነካ ልጅ አንድም የለም ማለት ነው! ይህን ዴስክ ስምንት ዓመት አስተምሬበታለሁ፤ አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም።

እግር ተንጠልጥሎ ሲውል የመቀመጫው ጠርዝ ጭኑን ከሥር ይቆርጠዋል፣ ይደነዝዛል። ልጁ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ እግሩን ከሥሩ ያጥፋል፣ ይንበረከካል። እኛ ደግሞ «ቀዥቃዣ» እንለዋለን።

መጋዘኑ ውስጥ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የተከመረ የተሰባበረ ዴስክ አለ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ የሳንቃውን ቁራጭ አወጣሁ። 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእግር ማሳረፊያ ስድስት ሠራሁ፤ ሳንቃ ከላይ፣ ሁለት ቁራጭ ከሥር፣ ግማሽ ኪሎ ምስማር በ90 ብር። መጋዙ የቤቴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲረገጡ ተንሸራተው ሄዱ፤ ከሥራቸው የአሮጌ ጫማ ሶል ቸነከርኩባቸው፣ ረጉ።

ለ በሦስተኛው ቀን 6 ከ8 መታ። በሚቀጥለው ሳምንትም 6። ይህ ልጅ ሌላ ችግር አልነበረበትም፤ አጭር ልጅ ነበር፣ እግሩ ማረፊያ አጥቶ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በወላጁ ፊት ስለ እርሱ የተናገረውን አስታውሼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሀ በማሳረፊያው 3 ሆነ። ለውጥ ነው፤ ግን አልበቃውም።

መስከረም መጨረሻ

አሁን ላስቲክ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በዴስኩ የፊት እግሮች መካከል ላስቲክ ይወጠራል፤ ልጁ ሲቀመጥ በእግሩ ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል፣ ድምፅ ሳያሰማ ጉልበቱን ያወጣበታል።

ፒያሳ አጠገብ ካለ ጎሚስታ ስድስት አሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ገዛሁ፣ እያንዳንዱን በ20 ብር። መንፊያውን ቆርጬ ጣልኩ። በሽቦ አሰርኩት፤ ይህ ስሕተት ነበር። በሁለተኛው ቀን የሽቦው ጫፍ የአንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚት ቧጨረ። ሁሉንም ፈታሁና ላስቲኩን በራሱ ቋጠርኩት። ሲደርቅ ይንሸራተታል፤ ከመቋጠሬ በፊት እርጥብ ጨርቅ ባሻሸው የተሻለ ይጠብቃል።

ቁመቱንም አላወቅኩበትም ነበር። ከወለል 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳስረው ጫማቸው ይጠላለፋል፤ 20 ላይ ሲሆን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በትክክል ያርፋል። ድምፁም ችግር ነበር፤ ስበው ሲለቁት «ጧ!» ይላል፣ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ጥቁሩም ካልሲ ያቆሽሻል። እናቴ አሮጌ ጋቢ ቀዳ እጅጌ የመሰለ ልባስ ሰፋችልኝ፤ ድምፁም ጥቁሩም በአንድ ጊዜ ጠፋ። በሳምንት አንዴ አጥበዋለሁ።

ሀ በላስቲኩ ለጽሕፈት ጊዜ 4 ከ8። ሽንት ቤት መጠየቁ ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። ከ54ቱ ማንም የእግሩን እንቅስቃሴ አያይም፤ በዚህ ምክንያት ይህን መሣሪያ ከሁሉም እወደዋለሁ።

ጥቅምት፣ ሁለተኛ ሳምንት

በርጩማው። ሥራው ሁለት ሳምንት የዘገየው አናጢው ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሄደው ስለነበር ነው። ሲመለሱ ሱቃቸው ሄጄ የምፈልገውን ነገርኳቸው፦ መሃሉ ላይ አንድ እግር ያለው፣ ከሥሩ ክብ ሆኖ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዝ በርጩማ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት በርጩማ እንዳይወዛወዝ ነው» አሉኝ።

ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ አእምሮ ንቁ ሆኖ ለመቆየት እንቅስቃሴ ይፈልጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት እነዚህ ልጆች ብዙ ሲንቀሳቀሱ የሰሙትን በአእምሮ ይዞ የመሥራት ፈተና ላይ የተሻለ እንደሚሠሩ፣ ችግሩ የሌለባቸው ልጆች ላይ ግን እንዲህ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ኤዲኤችዲ ያለባቸውን 3 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከወንበር አንሥቶ ትልቅ የአየር ኳስ ላይ አስቀመጣቸው፤ በቦታቸው መቆየታቸውና የሚነበብ መጻፋቸው ተሻሻለ። ሦስት ልጅ ግን ሦስት ልጅ ነው፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አላደርግበትም። ኳስ ደግሞ 54 ልጅ ባለበት ክፍል አይሆንም። ይንከባለላል፣ ይበሳል፣ ዋጋውም ለእኛ አይቀመስም።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «እንሞክር» አሉ።

የመጀመሪያው ከባህር ዛፍ ግንድ ተሠራ። እንጨት 300፣ እጅ 400 ብር። በዘጠነኛው ቀን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ግንዱ እርጥብ ነበር፣ ሲደርቅ ሲኮማተር ፈነዳ። ጋሼ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ያቻኮልኳቸው እኔ ነኝ። 700 ብር ለማገዶ ሆነ።

ከመሰንጠቁም በፊት ሌላ ጥፋት ታይቶበታል። ሀ ተቀመጠበት፣ አንዴ ዞር አለ፣ ጀርባው መሬት ነካ። አልተጎዳም፤ እኔ ግን ክው አልኩ። ያን ቀን ከክፍል አወጣሁት።

ጥቅምት መጨረሻ

ለምን እንደወደቀ ሦስት ቀን አሰብኩበት። የበርጩማውን የታች ጉብታ የአንድ ትልቅ ኳስ ቁራጭ አድርገን እንየው። የኳሱ እምብርት ከልጁ የክብደት ማዕከል በላይ ከሆነ ዘመም ያለው በርጩማ ራሱን ያቃናል፤ በታች ከሆነ ግን ወደ ዘመመበት ይሄዳል። የእኛ ጉብታ የተላገው 30 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ቅስት ነው። በ33 ሴንቲ ሜትር በርጩማ ላይ የተቀመጠ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የክብደት ማዕከል ደግሞ ከወለል 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መውደቁ አይቀርም ነበር።

70 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ መረጥን። ጋሼ መሬት ላይ ምስማር መቱ፣ ሲባጎ አሰሩ፣ በጫፉ እርሳስ ይዘው ካርቶን ላይ ቅስት ሣሉ። በዚያ ልክ ካርቶኑን ቆረጡና ሲልጉ እየደጋገሙ እየለኩ ሄዱ። የታቹ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መሃሉ ከጠርዙ የሚበልጠው በ1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዐይን ሲታይ ጠፍጣፋ ይመስላል። የበፊቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነበር! አዲሱ ወደ 12 ዲግሪ ያህል ያዘምምና ጠርዙ ላይ ይቆማል።

እንጨቱ በዚህ ጊዜ የደረቀ ዋንዛ ነው፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ የተረፈ ቁራጭ፣ ለአንዱ በርጩማ 150 ብር። መቀመጫው ከተሰባበረው ዴስክ ሳንቃ። በኮላና በብሎን ተያዘ። ስድስት አሠራሁ፦ ሁለቱ 30፣ ሁለቱ 33፣ ሁለቱ 36 ሴንቲ ሜትር።

ሲሚንቶው ላይ ያንኳኳል፣ ይንሸራተታል። ያለቀ የባጃጅ ጎማ ቆርጠን ከሥሩ በኮላ ለጠፍን፤ በማግስቱ ተላቀቀ። ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረን፣ ኮላውን በሁለቱም በኩል ቀብተን፣ ትንሽ እስኪደርቅ ጠብቀን ስናጣብቀው ያዘ። እስካሁን አልተላቀቀም።

በደስታ ወደ ክፍል ወሰድኩትና ሌላ ስሕተት ጠበቀኝ። በርጩማው 33፣ መጻፊያው 68! የሀ አገጭ ደብተሩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። መቀመጫ ብቻ ለክቼ ጠረጴዛውን ረስቼዋለሁ። የተቀመጠ ልጅ ክርን ከመቀመጫው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ጠረጴዛው 53 ወይም 54 ይሁን ማለት ነው። ከተሰባበሩት ዴስኮች ሁለት መጻፊያ ነጥዬ እግራቸውን በብረት መጋዝ ቆረጥኩ። ምላጩ 80 ብር። ቱቦላሬ በእጅ መቁረጥ ክንድ ይጨርሳል፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የተቆረጠው ጫፍ ስለት ስላለው በሞረድ መሞረድና በጎማ መሸፈን ግድ ነው።

ኅዳር፣ ሁለተኛ ሳምንት

በርጩማው ሠርቷል፣ ልጁ ግን አይቀመጥበትም።

ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ወደ ድሮ ዴስኩ ተመልሶ፣ ተጨፍልቆ አገኘሁት። ስጠይቀው ዝም። በዕረፍት ሰዓት ሐ መጥታ ነገረችኝ፦ «እትዬ፣ የበሽተኛ ወንበር ነው ብለውታል።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። በርጩማውን አምጥቼ በ54 ልጅ ፊት «ይህ ያንተ ነው» ብዬ ሰጠሁት። በአንድ ጥሩ ሐሳብ ልጁን ለይቼ አደባባይ አቆምኩት። ይህን የሚያነብ መምህር ካለ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን እንዳይረሳ እለምነዋለሁ።

በማግስቱ ስድስቱንም በርጩማ፣ ስድስቱንም ላስቲክ፣ ማሳረፊያዎቹን ጭምር ለሁሉም ከፈትኩ። ተራ በረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ደቂቃ። ሕጉ ሦስት ብቻ፦ ሁለት እግር መሬት ይነካል፣ በርጩማ ከቦታው አይነሣም፣ ሥራ የሚያቆም ተራው ያልፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ትርምስ ነበር። የጎረቤት ክፍል መምህርት በር ከፍታ አይታን በዝምታ ሄደች። አንድ ተቆጣጣሪም መጥቶ ልጆቹ «እንደ ሻይ ቤት» መቀመጣቸውን መዝግቧል። ሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ረገበ። በሦስተኛው ሳምንት የጠበቅኩትና የፈራሁት ሁሉ ቀለለ፤ ብዙዎቹ ልጆች ሰለቻቸው። «እኔ ዴስኩ ይሻለኛል፣ ጀርባዬን ይደግፈኛል» እያሉ ተራቸውን መልቀቅ ጀመሩ። በርጩማውን የሚፈልጉ ዘጠኝ ልጆች ቀሩ። ሀ ከዘጠኙ አንዱ ነው፤ ማንም አይስቅበትም፣ ሁሉም ተቀምጦበት አይቶታላ።

ኅዳር መጨረሻ

ወደ ሀ ቤት ሄድኩ። ሸዋ በር ነው። እናቱ ቡና አፈላች፤ አያቱም ነበሩ። የሐኪሙን ወረቀት እርሳቸው አልተቀበሉትም። «ልጁ ምንም የለበትም፤ የሰው ዐይን ነው እንጂ» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። ዱዓ እንደሚደረግለት ነገሩኝ፤ ይደረግለት አልኩ፤ የሐኪሙ ቀጠሮም እንዳይቀር ለመንኩ። ሁለቱንም እሺ አሉ።

ስለ በርጩማው ስነግራቸው ግን ሳቅ አሉ። «ማታ ቁርኣን ሲቀራ መጥተሽ ባየሽው» አሉኝ። መሸ፤ ቆየሁ። ሀ ሉሁን፣ የሚቀራበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት ተቀመጠ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ ሰውነቱ ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዐይኑ ከሉሁ አልተነሣም። ያ በክፍሌ 2 ከ8 የነበረ ልጅ ነው።

ወሎ ውስጥ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪው፣ እንዲህ ነው የሚቀራው። የቆሎ ተማሪም ዳዊት ሲደግም እንዲሁ ይወዛወዛል፤ የእኔ አያት ነፍሳቸውን ይማርና ጎንበስ ቀና ሳይሉ አንድም መዝሙር አይወጣላቸውም ነበር። ማንም «አርፈህ ተቀመጥ» ብሎ አይቆጣም። መወዛወዝ ብርቅ የሆነው እኛ ዴስክ አምጥተን ልጆቹን ከሰካን በኋላ ነው። እኔ ስለ ውጭ አገር ጥናት ለአናጢው ሳስረዳ ከርሜ፣ መልሱ ከቤቴ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ንባብ ስናነብ ክፍሉ በሙሉ፣ ዴስክ ላይ ያለውም ቆሞ፣ እየተወዛወዘ እንዲያነብ ፈቅጃለሁ።

ታኅሣሥ

በርጩማው ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሀ ሲያዳምጥና ሲያነብ 5፣ አንዳንዴ 6 ከ8 ነው። ሲጽፍ ግን 3፤ ፊደሉም ተበላሽቷል። ሰውነት እየተወዛወዘ እጅ አይረጋም። ለጽሕፈት ሌላ ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ የቁም ጠረጴዛ። በየሰፈሩ ካሉት በያጆች አንዱ ከተሰባበሩት ዴስኮች ሁለት አወጣልኝ። ከፍታው እንዲስተካከል ወፍራሙ ቱቦላሬ ውስጥ ቀጭኑ ይገባል፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ አለ፣ ብሎን ያልፍበታል። ከ75 እስከ 90 ይደርሳል። ልኩ የቆመው ልጅ ክርን ነው። ከሥሩ አንድ እግር ለማሳረፍ የብረት ዘንግ አስበየድኩ፤ ልጅ በሁለት እግሩ እኩል ረጅም ጊዜ መቆም አይችልም፣ አንዱን ከፍ ሲያደርግ ወገቡ ያርፋል። ብየዳ 1,200፣ ቀለም 600፣ ብሎን 160፣ ማመላለሻ ባጃጅ 300 ብር።

መጀመሪያ ኋላ በመስኮቱ አጠገብ አቆምኩት፤ የቆመ ልጅ የሌላውን ዕይታ እንዳይጋርድ ብዬ። ሀ መንገዱን ሲቆጥር ዋለ፤ ስንት አይሱዙ ወደ ሐረጎ እንደወረደ ሊነግረኝ ይችላል፣ ሒሳቡ ግን አልተሠራም። አንዱን ወደ ፊት፣ በግድግዳው ጎን አዞርኩት፤ ከሰሌዳው ሁለት ሜትር፣ መስኮት የለም፣ ማንንም አይጋርድም። እዚያ ለጽሕፈት 5 ከ8።

ያልጠበቅኩት ሐን ነው። አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ ተነሥታ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ቆመች። ያን ቀን 6። ስትቆም አእምሮዋ የሚነቃ ይመስላል፤ ወይም ከሰሌዳው አጠገብ መሆኗ ይሆናል፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። እናቷን አነጋግሬያለሁ፤ ወደ ሐኪም ሊወስዷት ነው።

ጥር

ለንባብ ጊዜ የመሬት መቀመጫ ፈለግኩ። ሁለት አጎዛ ሰኞ ገበያ ሄጄ ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 600 ብር። የደሴ ብርድ በጥር ከሲሚንቶ ይወጣል፤ አጎዛ ይሞቃል ብዬ ነው።

በአራተኛው ቀን ቁንጫ። አምስት ልጆች እግራቸው ተዥጎርጉሮ መጡ። አጎዛውን ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ አራገፍኩት፤ ጠጉሩ ውስጥ እንቁላል ስለሚቀር ዋጋ የለውም። ሁለቱንም አወጣሁ፣ ክፍሉን በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብን፣ ወላጆችን ይቅርታ ጠየቅኩ። 1,200 ብር ጠፋ።

በምትኩ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሳንቃ መደብ፣ ከላዩ ሰሌን። ሁለት ሰሌን 900 ብር። ይጠረጋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ብርድም አይወጣበትም። ስድስት ልጅ ይይዛል። በዝናብ ቀን ጫማ ውጭ ይቀራል፤ ይህን ለማስለመድ ሁለት ሳምንት ወሰደ።

የካቲት መጨረሻ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ገቡ። ቤቱ በሙሉ ሲጾም የልጁም ቁርስ ይዘገያል፤ ቁጥሩ ሁሉ ወርዷል። የሀ 5 ወደ 3 ሲመለስ መቀመጫው መሥራት አቆመ ብዬ ተሸበርኩ፤ ያልሠራው ግን ሆዱ ነበር። አንዲት ባልደረባዬ በዕረፍት ሰዓት ቆሎ እያመጣች ትንንሾቹን ታበላልኛለች፤ በሳምንቱ 4 ሆነ። ሒሳቤን ከዚህ ሰሞን ቁጥር ጋር አልደባልቅም።

መቀመጫ ብቻውን እንደማይበቃም በዚህ ወር ታየኝ። ትእዛዝን ቆርጬ አንድ በአንድ ስሰጥ፣ ሥራውን በሦስት ከፍዬ ስሰጥ፣ መሃል ላይ ሰሌዳ እንዲያጠፋልኝ ስልከው፣ በርጩማው የበለጠ ይሠራል። ሦስት መመሪያ በአንድ ትንፋሽ ከተናገርኩ ግን ምንም ላይ ቢቀመጥ ለውጥ የለውም። መድኃኒት ይወሰድ አይወሰድ የሐኪሙና የወላጆቹ ጉዳይ ነው፤ እኔ ያየሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ለቀጠሮው ለእናቱ ሰጥቻታለሁ። ሐኪሙ ጠቃሚ ነው ብሎ ተቀብሎታል።

መጋቢት

ሒሳብ። ላስቲክ 120፣ ምስማር 90፣ የተሰነጠቀው በርጩማ 700። ስድስቱ በርጩማ፦ ዋንዛ 900፣ የጋሼ እጅ 1,500፣ ኮላ 350፣ የባጃጅ ጎማ 200፤ ድምሩ 2,950። የብረት መጋዝ ምላጭ 80። ሁለቱ የቁም ጠረጴዛ 2,260። አጎዛ 1,200፣ ሰሌን 900። ጠቅላላ 8,300 ብር፤ ከዚህ ውስጥ 1,900ው በስሕተቴ የጠፋ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከውስጥ ገቢው 3,000፣ ወላጅ መምህር ኅብረት 1,500 ሰጥተዋል። ቀሪው 3,800 ከደመወዜ ነው፤ ቀላል አልነበረም። ዳግመኛ ብጀምረው በማሳረፊያና በላስቲክ እጀምር ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ 210 ብር ናቸው፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ለውጥ ያየሁትም በእነርሱ ነው። ቀጥሎ የቁም ጠረጴዛ። በርጩማ በመጨረሻ፣ እንጨቱ ደርቆ።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

የአምስት ቀን አማካይ፦ ሀ ሲያነብ 6፣ ሲጽፍ 5። ለ 6። ሐ 5። አንዱ በርጩማ ብሎኑ ላልቶ ነበር፤ በካቻቢቴ አጠበቅኩት፣ ከሥሩ ሮንዴላ ጨመርኩ። ሁለት ላስቲክ ተበጠሰ፤ የሚቆየው አምስት ወር ገደማ ነው።

የአራተኛ ክፍሉ መምህር መጥቶ ሜትር ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሀ ወደ እርሱ ያልፋል። አብረን የልጆቹን ጉልበት ለካን። ሀ በመስከረም 33 ነበር፣ አሁን 35 ሆኗል፤ በርጩማው አጠረበት። ለጋሼ ደወልኩላቸው፤ መቀመጫውን ፈትቼ ካመጣሁት 2 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ ከሥሩ አስገብተው እንደሚያስሩት ነገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት እወስደዋለሁ፤ ሀም አብሬ እሄዳለሁ ብሏል።